«ቤት ይቁም!»

[ሚያዝያ 1987 ዓ.ም.፣ ለቡ። ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። እሑድ ከሰዓት፣ ታክሲ ከሚያወርድበት ቦታ አጠገብ ከመስኩ ዳር ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ጋሽ ምትኩ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግለው፣ የስንቱን አለቃ ደብዳቤ አርመው ጡረታ የወጡ ሰው። አሁን በግል ለምክር ቤት ይወዳደራሉ። ዓላማቸው አንድ ብቻ ነው፤ ይህ የቀረ አንድ መስክ እንደ ሌላው በቤት እንዳይሞላ። ሁለተኛው ሮበሌ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ አራት ላሞቹ ከዚህ መስክ በቀር ግጦሽ የሌላቸው ጎረቤታቸው። የቅስቀሳውን ወረቀት የመለጠፍ ሥራ በፈቃዱ ወስዷል። ጋሽ ምትኩ ይወዱታል። «ልበ ቅን ነው፤ ነገር ግን ቶሎ አይገባውም» ይላሉ፣ ያውም እሱ ቆሞ እየሰማ።]

ምትኩ፦ ላም ወረቀት አትበላም አልኩህ!

ሮበሌ፦ ወረቀቱን አይደለም ጋሼ፤ ሙጫውን ነው።

ምትኩ፦ ሙጫ ደግሞ ይበላል?

ሮበሌ፦ ከገብስ ዱቄት ነዋ የሠራሁት። ትንሽ ጨውም ጣል አድርጌበታለሁ።

ምትኩ፦ ለሙጫ ጨው?

ሮበሌ፦ አያንቱ ናት። «እንዳይበላሽ» ብላ።

ምትኩ፦ ሚስትህ ሙጫውን አጣፈጠችዋ!

ሮበሌ፦ እጇ ነው ጋሼ፣ ምን ታድርግ። ቡሬ ደግሞ ጨው ከሸተታት አትመለስም። ላሰች፣ ላሰች፣ «ዕጩ» የሚለውን ጨርሳ «ምትኩ» ላይ ስትደርስ አባረርኳት።

ምትኩ፦ ስሜ ላይ እስክትደርስ ቆመህ ታያለህ?

ሮበሌ፦ የሰው ስም አይላስም ብዬ ነው እንጂ ዝም እላት ነበር።

ምትኩ፦ [በረጅሙ ተንፍሰው] እሺ። አንዱን ቡሬ ላሰችው። ሃያ ዘጠኙስ? ዓርብ ዕለት በየባሕር ዛፉ ተለጥፎ አይቼ ደረቴ ተነፍቶ ነበር የሄድኩት። ዛሬ ጧት ንፋስ ስልክ መራጮች ላነጋግር ወጥቼ ስመለስ፣ ከሚኒባስ ወርጄ ዞር ብል አንድም የለም። ሁሉንም ቡሬ ላሰችው?

ሮበሌ፦ የለም፤ እኔ ነኝ የነቀልኩት።

ምትኩ፦ ምን አልክ?

ሮበሌ፦ ነቀልኩት። ቀስ ብዬ ነው ታዲያ፤ አንዱም አልተቀደደም።

ምትኩ፦ ሮበሌ! ጎረቤቴ! አንተን ነው ያገኙህ? ማነው ያባበለህ?

ሮበሌ፦ ማንም። ወረቀቱ ራሱ አስፈራኝ።

ምትኩ፦ ወረቀት ምኑ ያስፈራል?

ሮበሌ፦ የተጻፈበት።

ምትኩ፦ [ሳቅ እያሉ] ማን አነበበልህ?

ሮበሌ፦ ራሴ ነኛ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ የለ! ሰርተፍኬቴ ከግድግዳዬ ላይ አልወረደም።

ምትኩ፦ በል እስቲ፣ ምን ይላል?

ሮበሌ፦ «በዚህ መስክ ላይ ቤት ይቁም!»

ምትኩ፦ [ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጣፈጠ ነገር እንደቀመሰ ሰው] አየህ! ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። መጀመሪያ «የቤት ሥራ ይቁም» ብዬው ነበር።

ሮበሌ፦ እሱን ለምን ተዉት?

ምትኩ፦ የሰፈሩ ተማሪ ሰምቶ ደጄ ላይ መጥቶ ጨፈረ። እነሱ ደግሞ አይመርጡ። ከዚያ «ግንባታ ይቁም» ልል አሰብኩና፣ «ግንባታ» ለሕዝቡ ይከብዳል፣ ለነሮበሌ የሚገባ ቀላል ቃል ይሁን ብዬ ተውኩት። «ቤት ይቁም»፣ አለቀ።

ሮበሌ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እና ጋሼ፣ ቤቱን የሚያቆመው ማነው?

ምትኩ፦ እኔ ነኛ!

ሮበሌ፦ ብቻዎን?

ምትኩ፦ ምክር ቤት ከገባሁ ምን ብቻዬን እሆናለሁ? ሕግ አለ፣ ፖሊስ አለ። ሁሉም ተባብሮ ያቆማል።

ሮበሌ፦ ፖሊሱም ምሰሶ ይሸከማል?

ምትኩ፦ የምን ምሰሶ?

ሮበሌ፦ ቤቱን ለማቆም ነዋ።

ምትኩ፦ ቤት ለማቆም ምሰሶ ምን ያደርጋል?

ሮበሌ፦ [እያዘነላቸው] ጋሼ፣ እርስዎ በቢሮ ነው ያደጉት። ያለ ምሰሶ ቢያቆሙት በመጀመሪያው ክረምት ይተኛልዎታል።

ምትኩ፦ ወይ ጉድ! ና ተቀመጥ እዚህ። በሬህ አልታዘዝ ብሎ ሲሄድብህ ምን ትለዋለህ?

ሮበሌ፦ «ቁም!» እለዋለሁ።

ምትኩ፦ ይቆማል?

ሮበሌ፦ ቡላው ይቆማል። ዳልቻው ግን እንደ ፊቱ ነው።

ምትኩ፦ በቃ፣ ቡላውን ያዝልኝ። እኔም ቤቱን «ቁም!» እለዋለሁ።

ሮበሌ፦ ቤት ይሄዳል እንዴ?

ምትኩ፦ ይሄዳል እንጂ! እኔ የማውቀው መካኒሳ ነበር። ዘንድሮ እዚህ ደርሷል። ዝም ካልነው ከርሞ ፉሪን አልፎ ይሄዳል።

ሮበሌ፦ [ፊቱ ጠቆር ብሎ] እሱስ እውነት ነው። አባቴ ጤፍ የሚዘራበት ቦታ ላይ ይኸው ወፍጮ ቤት ቆሟል።

ምትኩ፦ ወፍጮ ቤቱ ቆመ? መቼ? ትናንት እኮ አስፈጭተናል!

ሮበሌ፦ አዎ፣ ቆሟል።

ምትኩ፦ መብራት ጠፍቶ ነው?

ሮበሌ፦ ምን በወጣው! ሌት ተቀን ይሠራል።

ምትኩ፦ ከቆመ እንዴት ይሠራል?

ሮበሌ፦ ካልቆመ እንዴት ይሠራል?

[ጋሽ ምትኩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በመዝገብ ቤት ሳሉ የማይገባው ጸሐፊ ሲገጥማቸው የሚያደርጉት ይህንን ነበር።]

ምትኩ፦ ሮቤ፣ አንተ ልብህ ንጹሕ ነው። ነገሩን ለእኔ ተወው።

ሮበሌ፦ እንዴት ልተወው ጋሼ? ይህ መስክ ከተያዘ ላሞቹን ሸጬ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው። ልጆቼ ያደጉት በነሱ ወተት ነው፤ የርስዎም ቤት ጧት ጧት የሚያፈላው እሱኑ ነው። ጨንቆኛል፤ እንቅልፍ የለኝም።

ምትኩ፦ [ልባቸው ተነክቶ] አውቃለሁ። እኔም እኮ ይህን ልብሱን የገፈፉት ሰፈር ሳይ ያመኛል። ለዚህ አይደል በዚህ ዕድሜዬ በየታክሲው የምጋፋው? ሰው ከከተማ እየመጣ መስኩን በገመድ እየለካ!

ሮበሌ፦ እርስዎስ በሰባ ስምንት ሲመጡ በምን ለኩት?

ምትኩ፦ እኔ በምሪት ነው የመጣሁት! ማኅተም ያለው ወረቀት ይዤ!

ሮበሌ፦ የኔ ላሞች ደግሞ ማኅተም አይለዩም።

ምትኩ፦ ደግሞ እኔ የመጨረሻው ነበርኩ።

ሮበሌ፦ ሁሉም የመጨረሻው እኔ ነኝ እያለ ነው የሚመጣው። ገብቶ ከኋላው በሩን ሊዘጋ ያምረዋል፤ መስክ ግን በር የለውም።

ምትኩ፦ [ጉሮሯቸውን ጠርገው] ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ወረቀቱን ለምን ነቀልክ?

ሮበሌ፦ መሰላሉም አለ እኮ።

ምትኩ፦ የቱ መሰላል?

ሮበሌ፦ ከጽሑፉ ሥር ያለው።

ምትኩ፦ እሱማ የምርጫ ምልክቴ ነው! ዕድገት ማለት ነው፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ።

ሮበሌ፦ ማንበብ የማይችለው «ግንበኛ ይፈለጋል» ነው ያለው። ቅዳሜ ሁለት ሰዎች ቱምቢያቸውን ይዘው መጥተው «ሥራው መቼ ይጀመራል?» አሉኝ። ማንበብ የሚችለው ደግሞ ባሰ።

ምትኩ፦ ምን አደረገ?

ሮበሌ፦ ማሚቴን ያውቋታል፤ ከነልጆቿ በአንድ ክፍል ኪራይ የምትኖረዋን። ከወንድሞቿ ጋር መስኩ መሐል ገመድ ዘርግታ አገኘኋት። «ምን ልትሠሪ ነው?» ስላት ወረቀቱን አሳየችኝ። «ዕጩው ቤት ይቁም ብለዋል፤ እድሜ ይስጣቸው» ብላ እልል አለች። ቡሬ ደንግጣ ገመዱን ጠልፋ ሮጠች እንጂ ችካሉን ተክለውት ነበር።

ምትኩ፦ ተቃራኒውን እኮ ነው የሚለው! አምጣ እስቲ፣ አንድ ቀርቶህ እንደሆን!

[ሮበሌ ቡሬ የላሰችውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ምትኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ዝቅ አድርገው አነበቡት። በሦስተኛው ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ የፊታቸው መልክ ተለወጠ።]

ምትኩ፦ ቤት... ይቁም። ጎጆ ማቆም... ምሰሶ ማቆም... ወይኔ! ወይኔ ምትኩ!

ሮበሌ፦ ጋሼ፣ ውኃ ላምጣልዎ?

ምትኩ፦ ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ! አንተስ ለምን አልነገርከኝም?

ሮበሌ፦ መጥቼ ነበር። «አንተ ነገር አይገባህም፤ ዝም ብለህ ለጥፍ» አሉኝ። እኔም ለጠፍኩ። ኋላ ግን አሰላስዬ፣ «ጋሽ ምትኩ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሆን ብለው ነው» አልኩ።

ምትኩ፦ እንዴት ሆን ብዬ?

ሮበሌ፦ ቤት ያለው ሲያነበው «የሰው ቤት ሊቆምልኝ ነው፣ አረፍኩ» ብሎ ይመርጥዎታል። ቤት የሌለው «የኔ ቤት ሊቆምልኝ ነው» ብሎ ይመርጥዎታል። ማን ይቀራል?

[ጋሽ ምትኩ ኮታቸውን አስተካከሉ። ጀርባቸው ቀስ እያለ ቀና አለ።]

ምትኩ፦ እ... እንግዲህ... ደርሰህበታል ማለት ነው።

ሮበሌ፦ አስበውበት ነበር?

ምትኩ፦ ሳላስብበት! ቅኔ እኮ ነው። ሰምና ወርቅ ነው ሮቤ። ጠለቅ ያለ ስለሆነ ላንተ መንገሩን ተውኩት እንጂ።

ሮበሌ፦ አይ መማር! «ወይኔ ምትኩ» ያሉት ታዲያ?

ምትኩ፦ እሱ... በራሴ ተደንቄ ነው።

ሮበሌ፦ እንግዲያስ ቅር አይልዎትም። እኔ ቅኔውን ባደንቅም መስኩ አሳዘነኝ። ዛሬ ጧት እርስዎ እንደወጡ ሁሉንም ነቀልኩ። መጣል ደግሞ የርስዎን ድካም መናቅ ነው። ሌላ ቦታ ለጠፍኩት።

ምትኩ፦ ጎበዝ! ይኸውልህ፣ አንዳንዴ ይበራልሃል። የት ለጠፍከው?

ሮበሌ፦ ያስቸገረኝ «በዚህ መስክ ላይ» የሚለው ነው። ውሸት እንዳይሆን ቀድሞ መስክ የነበረ ቦታ መፈለግ ነበረብኝ።

ምትኩ፦ አስተዋይ ነህ። አገኘህ?

ሮበሌ፦ አገኘሁ እንጂ። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ውኃም ገብቶለታል። ዙሪያውን ባጥሩ ላይ ሃያ ዘጠኙንም ለጠፍኩት። በጨው አልባ ሙጫ።

ምትኩ፦ አጥር አለው? የማን ነው?

ሮበሌ፦ የሚታወቅ ሰው ነው። በሰባ ስምንት በምሪት የያዘው።

[ጋሽ ምትኩ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ዞረው አዩ።]

ሮበሌ፦ ሰዉም ደስ ብሎታል። «ዕጩው ከራሳቸው ጀመሩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚመረጥ» እያሉ ነው። ባለቤትዎ እትዬ ዘነቡም መራጮች መስለዋቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው። ለማሚቴ የጎመኑ መደብ ደርሷታል። ከበበው የሚሉት አናጢ የበረንዳውን ፊት ይዟል። መስኩ ላይ ግን ዛሬ አንድ ሰው የለም፤ ላሞቼ ብቻቸውን ተንደላቀው እየጋጡ ነው።

ምትኩ፦ ጎመኔን! ግቢዬን! አንተ... አንተ...

ሮበሌ፦ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም ጋሼ።

[ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን ጥለው፣ ከዘራቸውን ሽቅብ ይዘው መስኩን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ሲሮጡ ያያቸው የለም።]

ምትኩ፦ [ከሩቅ፣ በሙሉ ድምፃቸው] አቁሙ! አቁሙ! ሁላችሁም አሁኑኑ አቁሙ!

[ከአጥሩ ወዲያ ሞቅ ያለ እልልታ ተሰማ፤ ቀጥሎም የመዶሻ ድምፅ።]

ሮበሌ፦ [እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩምባ አድርጎ] ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ሌላ ቃል ይፈልጉ! እሺ ብለው እያቆሙ ነው!