ለልደታ ይደርሳል

በዚህ ከተማ እንደ «ይደርሳል» የሚያናድደኝ ቃል የለም። ልብስ ሰፊው ይደርሳል ይላል፣ አናጢው ይደርሳል ይላል፣ ተክለ ሃይማኖት ጋ ጎማው የተነፈሰ ታክሲ ረዳት ሳይቀር ግቡ ይደርሳል ይላል። እናንተም ብላችሁት ታውቃላችሁ፤ አትካዱ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነልኝም፣ ወንበር ይቆረቁረኛል። ታዲያ ይኸው ቃል ከእኔው አፍ ወጥቶ ጉድ ሠራኝ።

ሥራዬ ምርምር ነው። ቀዝቃዛ ሳለ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ በመርፌ ጉልበት ውስጥ ሲገባ ግን በሰውነት ሙቀት የሚረጋ ነገር ለመሥራት እታገላለሁ። አብረውት የሚገቡት ሕዋሳት በረጋው ውስጥ ተደላድለው መገጣጠሚያው ላይ ተፍቆ ያለቀውን ልም አጥንት እንዲተኩ ነው ሐሳቡ። እሱ ግን ምን ገዶት፤ ሲያሻው መርፌው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል፣ ሲያሻው የምሞክርባት ጥንቸል ጉልበት ውስጥ ፈሶ ይቀራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ረጋ በል እያልኩ እሱን እለምናለሁ፤ ሰዉ ደግሞ እኔን።

እማማ በለጡ በር ለበር ጎረቤቴ ናቸው። የድሮ ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ዕጣው አራተኛ ፎቅ ሰቀላቸው፤ ብሎካችን ሊፍት የለው፣ እሳቸው ጉልበት የላቸው። ልደታ ማርያምን በመስኮት ነው የሚሳለሟት። በዓመት አንዴ፣ ለግንቦት ልደታ፣ የእህታቸው ልጆች መጥተው ከነወንበራቸው ተሸክመው ያወርዷቸዋል። እንደ ቁም ሳጥን መውረዱ ያሳፍራቸዋል።

ሚያዝያ ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ጠያቂ ካገኘሁ አላበቃም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ዘረገፍኩላቸው። በጥሞና ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ለልደታ ይደርሳል?»

እኔ ሰፈራችንን ልደታን መሰለኝ። ይህን የመሰለ ነገር የፈረንጅ ብቻ ነው ወይስ ለእኛም ለልደታ ሰዎች ይተርፋል ያሉኝ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

«እንዴታ እማማ፣ ይደርሳል» አልኩ።

ግንቦት አንድ፣ የልደታ በዓል ዕለት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስጣደፍ እማማ ነጭ ለብሰው፣ ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። የእህታቸውን ልጆች ዘንድሮ አትድከሙ፣ በእግሬ ነው የምወርደው ብለው አስቀርተዋቸዋል። የሚጠብቁት እኔን ነበር። መርፌዬን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የትኛዋን ልደታ እንደመሰለኝ፣ ሥራው ገና ጥንቸል ላይ እንደሆነ፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት እንደሚፈጅ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እሳቸውም ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች መለሱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና ይታዘሉ አልኳቸው። እንቢ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ጥቂት አሰቡና አንገቴን ያዙ። አራቱን ፎቅ አዝያቸው ስወርድ የእኔው ጉልበት ቋ ቋ ይላል፣ እሳቸው ጆሮዬ ሥር ቀስ በል ልጄ ይላሉ።

ልደታ ማርያም ቅጥር ውስጥ ስንደርስ ባልንጀሮቻቸው ከበቡን። አንዷ፣ የጉልበት መድኃኒት የሚሠራው ይሄ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እማማ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«አዎ» አሉ። «መድኃኒቱ እስኪደርስ እሱ ያደርሳል።»

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። ምን አደርጋለሁ፤ ጥንቸሎቼ እስኪሻላቸው የብሎኩ ጉልበት እኔ ነኝ።