ለአርባ ሰው የተሠራ ምሳ

[ሐሙስ ዕለት ፓርላማው ክቡር ፕሬዚዳንቱን ለሦስተኛ ዘመን ያቆይ የነበረውን ረቂቅ ሕግ በአራት ድምፅ ልዩነት ጣለው። እጃቸውን ካላወጡት መካከል የገዛ ሚኒስትሮቻቸው ነበሩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፕሬዚዳንቱ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል፤ «ቂም የለኝም» ለማለት ሚኒስትሮቹንና የፓርቲውን ሰዎች ለምሳ ጠርተዋል። በቤተ መንግሥቱ የምግብ አዳራሽ የፕሮቶኮል ሹሙ አቶ ዊላርድ ቺካሶና አሳላፊው ጃይሎሲ በአንድ የተጠበሰ ዓሣ ላይ ይከራከራሉ። ቺካሶ ክራቫቱን አጥብቆ አጥብቆ አንገቱ ቀልቷል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሬዚዳንቱ ከፎቅ ሲወርዱ ወንበሮቹ ባዶ ከሆኑ፣ ቃል የተገባለት የሊዝበን አምባሳደርነት እንደ ረቂቁ ሕግ እንደሚወድቅ ያውቃል።]

ቺካሶ፦ አዙረው አልኩህ! የዓሣው ራስ ወደ ክቡርነታቸው ይዙር!

ጃይሎሲ፦ አዙሬው ነበር እኮ ቡዋና፣ ጌታዬ። ሲያፈጥባቸው ደስ አላለኝም፣ መለስኩት።

ቺካሶ፦ የተጠበሰ ዓሣ አያፈጥም።

ጃይሎሲ፦ ይሄኛው ያፈጣል። ሐሙስ ማታ እርስዎ ራዲዮኑን ሲሰሙ ልክ እንዲህ ነበር ያፈጠጡት።

ቺካሶ፦ ዝም በል! ራስ ወደ ራስ፣ ጭራ ወደ ጭራ። ወግ ማለት ይሄ ነው። ጭራው ለግብርና ሚኒስትሩ።

ጃይሎሲ፦ ከመጡ።

ቺካሶ፦ ምን ማለት ነው «ከመጡ»? ፕሬዚዳንት ጠርቶት የሚቀር ሰው የት አገር ነው ያየኸው? አምና በዚችው በቀኟ ወንበር የጤናውና የማዕድኑ ሚኒስትር ተናንቀው የአንዱ ጥርስ ሾርባ ውስጥ ተገኝቷል።

ጃይሎሲ፦ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አጥንት መስሎኝ ለውሻው ሰጠሁት።

ቺካሶ፦ አየህ! ለአንድ ወንበር ጥርሱን የሰጠ ሰው ለምሳ ይቀራል? ስማኝ፣ አንተ ትሪ እንጂ ፖለቲካ አልተሸከምክም። መሪ እስከ መጨረሻው ቀን መሪ ነው።

ጃይሎሲ፦ ልክ ነው ቡዋና። ትናንት ግን የክቡርነታቸው ሳይረን ገበያው ጋ ሲጮህ፣ አንድ ፍየል ነጂ መንገዱን ሳይለቅ «ቀስ በል፣ ትደርሳለህ» አለው።

ቺካሶ፦ ደንቆሮ ይሆናል።

ጃይሎሲ፦ ፍየሎቹም አልለቀቁም። ራዲዮኑም የክቡርነታቸውን ዜና ከአየር ትንበያው በኋላ ነው ያመጣው።

ቺካሶ፦ ዝናብ ስለሚጥል ነው! [በመስኮት ያያል] ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። እስካሁን አንድ መኪና አልገባም?

ጃይሎሲ፦ ኧረ ገብቷል።

ቺካሶ፦ [ክራቫቱን እያስተካከለ] ማን? የመንገዱ ሚኒስትር?

ጃይሎሲ፦ የማብሰያ ጋዝ የሚያመጣው ልጅ። ምሳ ብላ ስለው «እዚህ ሲበላ ታየ ከምባልስ ጾሜን ልዋል» ብሎ ሄደ።

ቺካሶ፦ ግን እነሱ ይመጣሉ። ቀርተው ቢሆን ይደውሉ ነበር።

ጃይሎሲ፦ ደውለዋል እኮ።

ቺካሶ፦ ማን ደወለ?

ጃይሎሲ፦ ሁሉም። ትናንት ከሰዓት። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ስላልነበረች እኔ ነበርኩ የማነሳው።

ቺካሶ፦ ታዲያ ምነው አልነገርከኝም!

ጃይሎሲ፦ «ከእንግዲህ መጥፎ ወሬ ይዞ የሚመጣብኝን ከዓሣው ጋር ነው የምጠብሰው» ብለውኝ ነበር። ወሬው ደግሞ በጣም መጥፎ ነው። [መሐረቡን ያወጣል] የግብርና ሚኒስትሩ አጎት አረፉ።

ቺካሶ፦ እሺ።

ጃይሎሲ፦ የጤናውም አጎት አረፉ።

ቺካሶ፦ አሃ።

ጃይሎሲ፦ የማዕድኑ አጎት፣ የመንገዱ አጎት፣ የትምህርቱ አጎት… ቡዋና፣ የእናት ወንድም የሚባል ባንድ ቀን አለቀ! የገንዘብ ሚኒስትሩማ ራሳቸው ደውለው አጎቴ አሉ፣ ቆይታ ጸሐፊያቸው ደውላ አክስታቸው አለች። ለሁለቱም አለቀስኩላቸው።

ቺካሶ፦ ማንም አልሞተም፣ አንተ ድንጋይ!

ጃይሎሲ፦ እንዴት? ሰው ያልሞተን ሞተ ይላል?

ቺካሶ፦ ሁሉም አፈ ጉባዔው ቤት ናቸው! ሐሙስ ያሸነፈው፣ ነገ የሚነግሠው እሱ ነዋ። ግቢው ውስጥ ፍየል ጥሎላቸዋል፤ ይሄኔ ጎድኑን እየጋጡለት ነው። ታመምኩ ቢሉ ሐኪም ይላክባቸዋል። መኪናዬ ቆመ ቢሉ መኪና ይላክላቸዋል። ልቅሶ ላይ ነኝ ያለን ሰው ግን በዚህ አገር ማን «ሬሳውን አሳየኝ» ይለዋል? ውሸታሞች! ዘጠኝ ዓመት ሲያጨበጭብ መዳፉ የተላጠ የግብርና ሚኒስትር ሐሙስ «እጅ አውጡ» ሲባል ትከሻዬን ቁርጥማት ያዘኝ አለ! ከሃዲ ሁሉ!

ጃይሎሲ፦ ዛሬ ጎድን ለመያዝ ግን ተሻላቸው ማለት ነው። እግዜር ይመስገን።

ቺካሶ፦ [ይንጎራደዳል] ሰው ከሌለ ወንበርም አይኑር። አውጣቸው! አርባ ወንበር ባዶ ሲሆን ሽንፈት ነው፤ ሁለት ወንበር ሲሆን ግን «የቅርብ ወዳጆች ምሳ» ይባላል። ፖለቲካ ማለት የዕቃ አደራደር ነው። አንዱ ላይ እሳቸው፣ ሌላው ላይ እኔ። ሊዝበንንም በጆሮአቸው አስታውሳቸዋለሁ።

ጃይሎሲ፦ [ሦስት ሦስት ወንበር እየደራረበ ያወጣል] ዓሣውስ?

ቺካሶ፦ አንድ ይቅርና ሌላውን ለዘበኞቹ ስጥ። ፍጠን! ምን ታደርገዋለህ፣ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ጃይሎሲ፦ እውነት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጡ ነው ያደሩት።

ቺካሶ፦ እነማን?

ጃይሎሲ፦ አናጢዎቻችን። አሥሩ ሳጥን ለምርጫ ዘመቻው ተብሎ ተሠርቶ የተከመረ ነበር፤ ሁለት ጎደለ።

ቺካሶ፦ [ይቆማል] የምን ሳጥን?

ጃይሎሲ፦ የሬሳ ነዋ፤ ልቅሶ ላለበት መራጭ ሊታደል የነበረው። ሚኒስትር ልቅሶ አለብኝ ሲል ከቤተ መንግሥት የሬሳ ሣጥን፣ ሁለት ጆንያ የበቆሎ ዱቄትና ማገዶ ይላካል። እርስዎ ራስዎ ያወጡት ደንብ ነው። ሦስቱም የጭነት መኪና ከንጋቱ በፊት ወጥተዋል፤ አንዱ ወደ ሐይቁ፣ አንዱ ወደ ድንበሩ፣ አንዱ ወደ ተራራው።

ቺካሶ፦ [ወንበር ይይዛል] ጃይሎሲ… ላልሞተ ሰው… ደጁ ድረስ… የሬሳ ሣጥን ላክህ?

ጃይሎሲ፦ ሞቱ አሉኝ እኮ። ለአክስትየዋ አጠር ያለውን ነው የላክሁት።

ቺካሶ፦ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ትምባሆውን ሲያጨስ… መኪና ቆሞ… «የእርስዎ ነው» ተብሎ! አለቅን! ጠፋን! ሊዝበን ቀርቶ እስር ቤት አያስገቡኝም!

[ከውጭ የከባድ መኪና ጡሩምባና ጩኸት ይሰማል።]

ጃይሎሲ፦ [በመስኮት] መጡ!

ቺካሶ፦ ሚኒስትሮቹ?

ጃይሎሲ፦ ሟቾቹ።

ቺካሶ፦ ምን?

ጃይሎሲ፦ የግብርናው አጎት ከፊት ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። «ሞቷል ያለኝ የእህቴ ልጅ የታለ?» እያሉ ነው። የጤናው አጎት ክዳኑን ታቅፈዋል። «የዶሮ ቤት በር ይሆነኛል፣ አልመልስም» ብለው ከሹፌሩ ጋር ይሟገታሉ። አክስትየዋ ደግሞ ሣጥኑ አጠረኝ ብላ ተቆጥታለች።

ቺካሶ፦ [ፊቱ ቀስ በቀስ ይበራል] ቆይ… ቆይ… ሁሉም አጎቶች ናቸው?

ጃይሎሲ፦ ከአክስትየዋ በቀር።

ቺካሶ፦ ጃይሎሲ! ገባህ? አይገባህም፤ እኔ ላስረዳህ። ሚኒስትር ፕሬዚዳንትን ለምን ይፈራል? ጊዜው ስምንት ወር ነው የቀረው። አጎት ግን! መሬቱን የሰጠው፣ ሚስቱን የዳረለት አጎት! አጎት ምርጫ የለበትም፣ የሥልጣን ዘመኑ አያልቅ፣ ድምፅ ተሰጥቶ አይወርድ! አጎት የሚጥል ፓርላማ ገና አልተሠራም! ደውል! ለእያንዳንዱ ከሃዲ ደውልና «አጎትህ ምሳ ላይ ይጠብቁሃል» በለው!

ጃይሎሲ፦ [ይደውላል] አቤት፣ ክቡር ሚኒስትር… ከቤተ መንግሥት… አጎትዎ ለምሳ እየጠበቁዎት ነው… ኧረ እሳቸውስ ደኅና ናቸው። ሣጥኑንም ይዘውት መጥተዋል… ሄሎ? [ስልኩን እያየ] ሳይዘጉ ሮጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንዱ መጥበሻውን ገልብጦ የሄደ ይመስለኛል፤ «ፍሙ! ፍሙ!» ይላሉ።

ቺካሶ፦ [እጁን እያፋተገ] ወንበር! ወንበሮቹን መልስ! ዓሣውን ከዘበኞቹ አፍ ንጠቅ! አጎት ከቀኝ፣ የእህት ልጅ ከግራ! ክቡርነታቸው ሲወርዱ አዳራሹ ጢም ብሎ ያገኙታል። እና ማን ይህን አደረገ ብለው ይጠይቃሉ።

ጃይሎሲ፦ እኔ ነኝ ልበል?

ቺካሶ፦ አንተ? አንተማ በስህተት ነው! ስህተትን ወደ ዘዴ የለወጠ ነው ባለቤቱ። ሣጥኖቹን በሙሉ ያስላከ ዊላርድ ቺካሶ ነው ትላለህ። ገባህ?

ጃይሎሲ፦ [በመስኮት ብቅ ብሎ ይጮኻል] ሣጥኑን በሙሉ የላኩት አቶ ቺካሶ ናቸው! ሁሉንም!

ቺካሶ፦ ጎሽ። አሁን ምን ይላሉ?

ጃይሎሲ፦ አሥራ አንዱ ወደዚህ ቀና ብለው ያያሉ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ ግን ከተራራው መኪና አልወርድም ብለው ሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ብለው ነበር። አሁን ስሙን ሲሰሙ ከዘራ እየፈለጉ ተነሡ።

ቺካሶ፦ የማን አጎት ናቸው?

ጃይሎሲ፦ አጎት ቢዝዊክ ናቸዋ። የእርስዎ።

ቺካሶ፦ [ክራቫቱን ይፈታል] ምን ሊሠሩ… ለእኔ አጎት ማን ሣጥን ላክ አለህ!

ጃይሎሲ፦ ሞቱ አሉኝ እኮ! ትናንት ጥቁሩን ሱፍ ተኩስልኝ ሲሉ «ነገ ከምሳ በኋላ የለሁም፤ አጎቴ ዴድዛ ተራራ ላይ አርፏል፣ ልቀብር ነው» አላሉም? እንባዬን በካውያው እያደረቅሁ ነው የተኮስኩልዎ። ለእርስዎ ሲሆን ደግሞ እጀታው ነሐስ የሆነውን መረጥኩ።

ቺካሶ፦ ዝም በል! ቀስ ብለህ ተናገር!

ጃይሎሲ፦ ሹፌርዎ ብቻ ነው ግራ ያጋባኝ። «ዴድዛ አይደለም የምንሄደው፣ አፈ ጉባዔው ቤት ነው» ሲለኝ፣ እንግዲህ ሬሳው ለጊዜው እዚያ አርፎ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

[ከላይ ከደረጃው የፕሬዚዳንቱ ጫማ ድምፅ፣ ከውጭ በር በከዘራ ሲደበደብ ይሰማል። ቺካሶ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገልጦ ወደ ሥር ይገባል። ከውጭ የሚታየው የተወለወለ ጫማው ብቻ ነው።]

ቺካሶ፦ [ከጠረጴዛው ሥር] ጃይሎሲ! ወንድሜ! ስለ እናትህ ብለህ፣ የለም በላቸው!

ጃይሎሲ፦ የት ሄደ ቢሉኝስ?

ቺካሶ፦ ልቅሶ! ልቅሶ ሄዷል በል!

ጃይሎሲ፦ እሺ ቡዋና። [ወደ በሩ ይሄዳል፤ እጀታውን ይዞ ያስባል፤ ተመልሶ ጨርቁን ይገልጣል] ቡዋና… የማን ልበላቸው?