የሶስና ልብስና የሐይቁ ንፋስ

በሀገራችን ያልተከሰሰበት በሽታ የሌለ ተከሳሽ ቢኖር ንፋስ ነው። ጥርስ ሲያመን ንፋስ፣ ወገብ ሲይዘን ንፋስ፣ አንገት አልዞር ሲል ንፋስ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው በላብ ተጠምቆ፣ አንዱ ደፋር መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈት ቢያደርግ፣ ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ደፋሩም ይዘጋል። ከኋላ ወንበር የጮኸው ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ እናንተም ጮኻችሁ ታውቃላችሁ።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሰውነት ሲያተኩስ ምን እንደሚሠራ በጠመኔ እየሳልኩ ሳስረዳ ስንት ዓመቴ! ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶስና፣ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ፣ ገላዋ እንደ እሳት እየፋጀ ስትነሳ፣ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ሳይንስን ወክዬ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቢያንስ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

ከወዲያ በኩል የቆሙት የባለቤቴ እናት እማማ ዘነበች ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከደብረ ብርሃን ከመጡ ወር አልሞላቸውም። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ እማማ ሻንጣቸውን ብቻ ሳይሆን ብርዱንም ይዘው ነው የመጡት። ሶስናን ገና ሲያዩዋት፣ «የትናንቱ የሐይቁ ንፋስ ነው የመታት» ብለው ፈረዱና ጋቢያቸውን አነሱ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ትኩሳት ያለበት ልጅ አይሸፈንም። ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል።»

«እሺ ልጄ» አሉና ጋቢውን አጠፉት። ደስ አለኝ። ለካ ያጠፉት እጥፍ አድርገው ሊያለብሷት ኖሯል።

ባለቤቴ ትዕግሥትስ? ባንክ የምትሠራ፣ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። እሷ እንኳ ትረዳኛለች ብዬ ዞር ስል፣ ለገና ደብረ ብርሃን ስንሄድ የገዛነውን ባለ ጥጥ ጃኬት ይዛ ከጓዳ ወጣች። «ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ብቻ ነው» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ይሄኔ ጎረቤታችን ዳንጊሴ ደረሰች። ዳንጊሴ እዚሁ ሐዋሳ ዳር ያለችው የቱላ ልጅ፣ ጸሎቷ የጠነከረ ጴንጤ ናት። እጇን ሶስና ግንባር ላይ ጭና ትኩሳቱን በኢየሱስ ስም ገሠጸችው፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አሜን ብያለሁ። ስገልጥ ሶስና ከጆሮዋ በታች የሚደርስ የሱፍ ኮፍያ አጥልቃለች። እምነትም እንግዲህ ኮፍያ ቢታከልበት አይጠላም።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ በውስጤ ስቄባቸዋለሁ። መሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ትዕግሥት ጡት ብትሰጣት ሶስና ፊቷን አዞረች። ጡት አይታ ፊቷን የምታዞር ልጅ አልነበረችም። ዓይኗ ፈዘዘ፤ የምታለቅሰውም ድምፅ በሌለው ለቅሶ ነበር። ፈራሁ። ወባ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ የማላውቀው ነገር ይሆን ብዬ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ፈራሁ። የሰውነት ሙቀትን ሥዕል ሰሌዳ ላይ መሳል አንድ ነገር ነው፤ ሥዕሉ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ሲያቃስት ሌላ ነው።

ባጃጅ ተጠራ። ትዕግሥት ሶስናን ታቅፋ፣ እማማ ከጎኗ፣ እኔ እንደምንም ጥግ ይዤ፣ መጋረጃው በግራም በቀኝም ወርዶ፣ ወደ መሃል ከተማ ከነፍን። ሾፌሩ ላቡን በእጅጌው ይጠርጋል፤ መጋረጃው ይነሳ ለማለት ግን አልደፈረም። የሐዋሳ ልጅ ነው፣ ሕጉን ያውቃል።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ሲስተር ወጣት ናት። የታቀፍነውን ጥቅል ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ልጅቷ የት አለች?» አለች። ከዚያ ትፈታ ጀመር። ከእያንዳንዱ ልብስ ጋር አንድ ሰው ይዋረድ ነበር።

«ይህ ጋቢ የማን ነው?»

«የኔ ነው ልጄ» አሉ እማማ።

«ጃኬቱስ?» ትዕግሥት አቀረቀረች። ኮፍያው ባለቤቱ ስላልመጣች ያለ ምስክር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ «ነግሬያቸው ነበር» የሚል ፊት አሳየሁ። ሲስተር ግን አልጨረሰችም። ቢጃማውን ስትከፍት ከሶስና ሆድ እስከ እግሯ የተጠመጠመ አንድ ግራጫ የሱፍ ሻርፕ ብቅ አለ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው። ሻርፑ የኔ ነው። ሐምሌ ላይ ፈተና ሳርም የማደርገው ሻርፕ ነው። ያን ዕለት ጠዋት፣ ትዕግሥት ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ፣ ሶስና በእኔ እጅ ነበረች። ግንባሯ ይፋጃል፣ እግሯ ግን በረዶ ነበር። ለምን እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ማወቄ እግሯን አላሞቀውም። ጠመጠምኩላትና ቢጃማዋን ከላይ አለበስኳት። ከዚያ ወጥቼ ስለ ሙቀት መውጫ ንግግር አደረግሁ።

«ይሄስ?» አለች ሲስተር፣ ሻርፑን በሁለት ጣቷ ይዛ።

ትዕግሥት ሻርፑን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች። ይኼኔ እማማ ዘነበች እጃቸውን ዘረጉ።

«እሱም የኔ ነው» አሉ። «ያሮጊት ነገር። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ሲስተር ቆጣ ብላ መከረቻቸው፤ ለእኔ የሚገባውን ምክር አንድም ሳያስቀሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙልኝ።

የሶስና ጣት ተወጋ፣ ደሟ ተወሰደ። ውጤቱን የጠበቅንባት ያቺ ግማሽ ሰዓት አታልቅም ነበር። ወባ አይደለም፤ ጉንፋን ነው ተባለ። የትኩሳት ሽሮፕ ተሰጣት፣ በስስ ካናቴራ ብቻ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ጡት ፈለገች። ሲስተር ፊት አላለቅስም ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሠንጠረዥ ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

ስንወጣ ከሰዓት ሆኗል፤ የሐይቁ ንፋስ እንደ ልማዱ ተነስቷል። ሶስና በካናቴራዋ ጸጉሯ እየተበተነ ትስቃለች። እማማን ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ቃል ስፈልግ፣ እሳቸው ሻርፑን ከጉያቸው አውጥተው አራገፉት።

«ይልቅ አንተ አድርገው» አሉኝ። «ንፋሱ ክፉ ነው።»

ላቤ በጀርባዬ እየወረደ አደረግሁት።