ደመና የገባበት ሽምግልና

ካሜራ ፊት ቆሞ ራሱን ሆኖ የቆየ ሰው እስካሁን አላየሁም። በቅሎ አይቻለሁ። ሰው ግን፣ በተለይ የኛ የጎንደር ሰው፣ «ታሪክህንና ኑሮህን ልንቀርጽ መጣን» ሲሉት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኑሮውን መደበቅ ነው። የተጣፈችው ቁምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ለጥምቀት የተቀመጠው ኩታ ከሣጥን ይወጣል፣ ዕድሜ ልኩን «አንቺ!» እያለ የሚጠራትን ሚስቱን ያን ቀን «እመቤቴ» ይላታል፤ እሷም ማንን እንደሚጠራ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞር ትላለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀረጸው የክት ልብሳችን እንጂ እኛ አይደለንም። እናንተም እንዲህ ያለውን ፊልም በቴሌቪዥን ስታዩ «እንዴት ያለ ጽዱ ገበሬ ነው!» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ነገሩ ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ጎንደር ግን ወሬው ብቻ የደረሰበት ጊዜ። ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ አዘጋጁ አቶ ግርማ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም። ሌላው ካሜራውን ተሸክሞ ዝም ብሎ የሚከተለው ሰው ነው። እኔ ከተማው ውስጥ አስተማሪ ነበርኩና «አንተ አገሩን ታውቃለህ» ተብዬ መንገድ መሪ ሆንኩ። ግንቡን ቀረጹ። ግንብ መቼም አያስቸግርም፤ ኩታዬን ልልበስ አይልም። ቁስቋም ወጥተን የጥንቷን እቴጌ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ቀረጹ። በማግስቱ ፒያሳ ቁጭ ብለን ሳለ አቶ ግርማ ማኪያቶውን አስቀመጠና፣

«ታሪኩ በቃን። አሁን ኑሮ ነው የምንፈልገው። ሽምግልና! ልጅ ስትጠየቅ፣ አባት ሲሰጥ!» አለ።

ይኼኔ የተከራየነው ላንድሮቨር ሹፌር፣ አድማሱ፣ ሳል ያዘው።

ሳሉ የጉንፋን አልነበረም። አድማሱ የገጠሯ የድብ ባሕር ልጅ ነው፤ የአጎቴን የአያ ጥሩነህን ልጅ፣ ትርንጎን፣ ይወዳታል። ትርንጎም ትወደዋለች። ሽማግሌ ቢልክ አጎቴ መለሰበት፤ ደግሞ ቢልክ ደግሞ መለሰበት። አያ ጥሩነህ ሰፊ መሬትና የሰቡ በሬዎች ያሉት፣ ከሁሉ ይልቅ ግን በቃሉ የታወቀ ሰው ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ እሱ ይኖርበታል። መከራውም ከዚሁ መጣ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ ፊት «ሞፈር ለማይጨብጥ ሰው ልጄን አልሰጥም። ጎማ ይንከባለላል» ብሎ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሚስቱ በጠና ታማ አድማሱ በማኪና ጎንደር ሐኪም ቤት አድርሶ ሲያተርፍለት ልቡ ራርቶ ነበር፤ ግን ምን ይሁን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ባለ ብዙ በሬ ጎረቤት በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ለአድማሱ የሚቀረው መሳል ብቻ ነው።

ወደ አጎቴ ቤት መራኋቸውና ድብ ባሕር ደረስን። አያ ጥሩነህ ልጅ የሚሰጥ አባት ሁኑልን ቢባል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ጃንሆይ ያዩታል?»

«ሳያዩት አይቀሩም» አለ አቶ ግርማ።

ኩታው ወጣ። ሽማግሌ ይፈለግ ሲባል የቤቱ የነፍስ አባት መምሬ ካሳ ሁለት አረጋውያን አስከትለው መጡ። ልብ ብዬ ሳያቸው፣ ሁለቴ የተመለሱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። አቶ ግርማ «የሙሽራውን ስም የፈለጋችሁትን በሉት» አላቸው። መምሬ ካሳ አሰብ አደረጉና፣

«ስም የለሽ ሙሽራማ ለጆሮም ደስ አይል። አድማሱ እንበለው፤ ይኸው ቆሞ የለ» አሉ።

አያ ጥሩነህ ወደ ማኪናው ተመለከተ። አድማሱ የጸዳውን መስታወት እንደገና ያጸዳል። «ለሲኒማው ከሆነ ይሁን» አለ አጎቴ።

ካሜራው ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ ቆሙ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲላቸው «የመጣንበት ሳይሆንልን አንቀመጥም» አሉ። ቀጥለው መምሬ ካሳ የአድማሱን ዘር እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠሩ፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጎንበስ አሉ። አቶ ግርማ በእጁ «በሉ፣ በሉ» ይላል። አጎቴ ካሜራውን አላየውም። ሽማግሌዎቹን አየና፣

«ልጄን ትርንጎን ለአድማሱ ሰጥቻለሁ» አለ።

መምሬ ካሳ መስቀላቸውን አወጡና መረቁ። እንዴት ያለ ምርቃት መሰላችሁ! ዘሩን፣ ከብቱን፣ ማኪናውን ሳይቀር መረቁ። አሜኑ ሲያልቅ ከጓዳ እልልታ ተሰማ።

«እልልታ አላልኩም! ማነው እሱ?» ሲል አቶ ግርማ ጮኸ።

እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መምሬ ካሳ ያን ጊዜ ገብተው፣ በዚያ ቤት ለሽምግልና መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡና «በል እንግዲህ ጥሩነህ፣ ቀኑን ቁረጥልን» አሉ።

«የምን ቀን?»

«የሰርጉን።»

«ምነው መምሬ! ለሲኒማው እኮ ነው!»

«የሲኒማ ምርቃት የሚባል አልተማርኩም። እኔ የመረቅሁት በመስቀሌ ነው።»

የአድማሱ መወልወያ መስታወቱ ላይ ቆመ። አያ ጥሩነህ ላብ በላብ ሆነ። ይኼኔ ያ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ቃል ያልወጣው ካሜራ ያዥ አፉን ከፈተ።

«ደመና ገብቶብኛል። ጨልሟል፤ ይደገም።»

አቶ ግርማም አጨበጨበና «አያ፣ አንዴ ይድገሙልን። ‹ግቡ› ካሉበት ይጀምሩ» አለ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አጎቴ ያለ ሽማግሌና ያለ ዳኛ መውጫ በር ተከፈተለት። ከደገመው ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ ትርንጎም የባለ ብዙ በሬውን እሑድ ትጠብቃለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ጸሎት ሳደርስ እንኳ እንደዚያ ልቤን ሰብስቤ አላውቅም።

አያ ጥሩነህ አቶ ግርማን «ስደግመው የፊተኛው ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው።

«እሱማ ይጣላል።»

«ምኑ? ቃሌ?»

«አዎ፤ እንዳልነበረ ይሆናል።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ኩታውን አጣፋ።

«ስማ የኔ ልጅ» አለ። «እንኳን ልጅ፣ በሬም ሁለቴ አይሸጥም። ሰጥቻለሁ ብያለሁ፤ ሰጥቻለሁ። በጥር ይሁን።»

ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። አድማሱ ሮጦ ገብቶ ጉልበቱን ሳመ፤ ትርንጎ ጓዳ ሆና ይሉኝታዋን ጥላ እልልታውን አቀለጠችው። አቶ ግርማ ብቻውን «ፀሐይዋ እኮ ወጣች!» እያለ ይለምናል፤ የሚሰማው የለም። ማታ ጠላው ሲወርድ አጎቴን ጠጋ ብዬ «የጎማው ቃልስ?» አልኩት። «እምቢታ አይመረቅም» አለኝ፤ «ያልተመረቀ ቃል ደግሞ ይነሣል።» ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም። ሲያስበው የከረመ ይመስላል።

በዓመቱ ለሥራ አዲስ አበባ ወርጄ ፊልሙን ሰው ቤት በቴሌቪዥን አየሁት። ግንቡ አለ። ቁስቋም አለ። አንዲት በቅሎም ብዙ ትታያለች። ሽምግልናው ግን የለም። አቶ ግርማን ፈልጌ «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ጨለማውስ ይሁን፣ አለቆቹ የአባትዬውን ነገር አልወደዱትም ብሎ ነገረኝ። «አያሳምንም አሉ። የእውነት አይመስልም።»

ይህን መርዶ ይዤ ድብ ባሕር የደረስኩት የትርንጎ ልጅ ክርስትና ዕለት ነው። ጃንሆይ እንዳላዩት ለአያ ጥሩነህ እየፈራሁ ነገርኩት። ሕፃኑን ታቅፎ ነበር፤ ልጁም ያን የክት ኩታ አርሶለታል።

«አያሳምንም አሉ?» አለ አያ ጥሩነህ።

«አዎ፣ እንደዚያ አሉ።»

የልጅ ልጁን ከፍ አድርጎ አየውና ሳቀ።

«ሸጋ! እኔን ያሳመነኝ ማን ሆነና?»