የሚሲዮኑ ካልሲ

ይቺን ስሙኝማ። አንድ ወጣት ፈረንጅ ሚሲዮን በክረምት ብርዳሙ የጎንደር ደጋ ኮሶዬ ሊሰብክ ወጣ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። የበረዶ አገር ልጅ ነኝ ሲል የነበረው ሰውዬ እግሩ ደንዝዞ መራመድ አቃተው። አያ ደምሴ ቤት እንደገባን ሽማግሌው ሙቅ ውሃ አስቀርበው ካልሲውን ገፈፉት። እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ይናገራል እንዴ?

"ስለ ኢየሱስ ልነግርዎ ነበር" አለ።

"እሱንማ እናውቀዋለን፤ እግር ያጥብ ነበር። ምነው ልጄ፣ ዝም ብለህ አትታጠብም?"

አንዱ እግር ታጥቦ እንዳለቀ አብዮት ጥበቃው ከች አለ። "ያልተፈቀደ ፀረ-አብዮት ስብሰባ ነው" ብሎ ካልሲውን ለማስረጃ ያዘና ፈረንጁን በባዶ እግሩ ጭቃ ለጭቃ ነዳው።

አያ ደምሴ የሙቅ ውሃውን ጣሳ እንደያዙ "ኧረ አንዱ ይቀረዋል" እያሉ ተከተሉ።

እስቲ ጓዶች፣ አንድ እግሩን ብቻ የታጠበ ሰው እንዴት አድርጎ ነው አብዮት የሚቀለብሰው?