እትዬ መኪያ ያልቀረጹት ምርቃት

አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ያለ ውሃ ሊኖር ይችላል፤ ቦሌ አራብሳ ላይ ኖረን አይተነዋል። ያለ መብራትም ይኖራል። ያለ አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ጎረቤት የቆመ ብሎክ ግን እስካሁን አላየሁም። ክርስትና ቢሆን ኒካህ፣ ልደት ቢሆን ለቅሶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሰው መሀል የሚገተር አንድ ሰው አይታጣም። በኛ ብሎክ ይህን ከባድ ሹመት የያዙት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ ሩዋንዳ ሰፈር የሕፃናት ልብስ የሚሸጡት ክብርት ወይዘሮ መኪያ ናቸው።

እትዬ መኪያ ተራ ቀራጭ አይደሉም። የዛሬ ስድስት ዓመት በጎረቤታችን በቲጂ ሰርግ ላይ፣ ኬክ ሊቆረጥ ቢላዋው ሲነሳ፣ ስልካቸው "ቦታ የለም" ብሎ ቀጥ አለ። ያን ቀን ስልክን ተቀየሙት። በማግስቱ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄደው ሳሙና የሚያክል ብርቱካናማ ሃርድ ዲስክ ገዙ፤ በገመድ ከስልኩ ጋር አገናኝተው በፀጉር ማስያዣ ላስቲክ ከጀርባው አሰሩት። ከዚያ ወዲህ የሚቀርጹት ሁሉ ስልኩ ውስጥ ሳያርፍ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይገባል። "ስልክ ሆደ ሰፊ አይደለም" ይላሉ፤ "አደራ የሚሰጠው ለዲስክ ነው።"

ቦታ አያልቅም ማለት ደግሞ እትዬ መኪያ አያቆሙም ማለት ነው። የአንድ ምሳ ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሁሉም ሰው ጉርሻ አለበት። ሐኪም ሥጋ የከለከላቸው አቶ ይትባረክ "ሰላጣ ብቻ ነው የቀመስኩት" ብለው ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ባለቤታቸው አስመረት ቪዲዮውን አስከፍታ አራት ሳህን ቁርጥ ቆጥራባቸዋለች። የብሎኩ ኮሚቴም አንዴ "የውሃ ታንከሩን እናሠራለን ብለን ቃል አልገባንም" ብሎ ነበር። እትዬ መኪያ ሻሻቸውን አስተካክለው "ዲስኩ ላይ አለ" አሉ። ታንከሩ በሳምንቱ ተሠራ።

ሌላ ሰው ስልክ ካወጣ ይቆጣሉ። "አትጋርዱኝ! ኋላ ከኔ ትወስዳላችሁ።" እኛም ለምደን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ጀመርን። እኔማ አሾፍባቸው ነበር። "እትዬ፣ በፍርድ ቀን መላእክት ማስረጃ ቢያጡ ከእርስዎ ነው የሚዋሱት" ብያቸው፣ "አንተ አሌክስ፣ አስተግፊሩላህ በል!" እያሉ እንባቸው እስኪፈስ ስቀዋል።

ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው፤ ቀጥሎ ያለው አያስቅም።

ታናሽ እኅቴን ሀይሚን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የመጡ ቀን፣ እትዬ መኪያ ለክብሯ ብለው አዲስ ዲስክ ገዝተው መጡ፤ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ። ስልካቸውን በማቆሚያው ቡፌው ላይ አቁመው መቅረጽ ጀመሩ። መብራት አልነበረም። የኔ ስልክ ሁለት ፐርሰንት ቀርቶታል፤ ምግብ የሚያመጣው ሹፌር ደግሞ መንገድ ጠፍቶት ይደውላል።

አባዬ "ሰጥተናል" ካለ በኋላ ሊመርቃት ተነሳ። አባዬ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነበር። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ፤ እትዬ መኪያም ጭምር። ከኋላ የቆምኩት እኔ ያየሁት አባቴን ሳይሆን ስልካቸው ላይ የተሰካችውን ያችን ጥቁር ዕቃ ነው። የማውቀው ብርቱካናማውን ዲስክ ነውና፣ ፓወር ባንክ ናት አልኩ። በኛ ብሎክ መብራት በጠፋ ቀን የጎረቤት ፓወር ባንክ ለመዋስ የሚያስፈቅድ ሰው የለም። ነቅዬ ስልኬ ላይ ሰካኋት። አልሞላ አለኝ። ባዶ ናት ብዬ መልሼ በቦታዋ ሰካኋትና ሹፌሩን ልቀበል ወጣሁ። የሰዉ "አሜን" ደረጃው ላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

አባዬ ከሀይሚ ሰርግ በኋላ ሁለት ወር አልቆየም። አንድ ማለዳ ደከመኝ ብሎ እንደተኛ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት እትዬ መኪያ ሊያጽናኑን ሲመጡ ሀይሚ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ የአባዬን ምርቃት ይስጡኝ። ያን ቀን ለቅሶዬ አላሰማኝም። ድምፁን ልስማው።"

እትዬ መኪያ ጥቁሩን ዲስክ ይዘውት መጥተዋል። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወለሉን አዩ። "ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ። "የመቅረጫውን ቁልፍ ሳልጫን ቀርቻለሁ።"

"የአገሩን ጉርሻ ሁሉ ሲቀርጹ ኖረው የአባቴን ቃል ረሱት?"

እትዬ መኪያ ዲስኩን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱት ሳይ፣ ምን እንደነቀልኩ ያኔ ገባኝ። መናገር ነበረብኝ። "ሻይ ላምጣ" ብዬ ወጣሁ።

ወሬው በብሎኩ ተዛመተ። በየድግሱ "እትዬ፣ ዛሬስ ተጭነውታል?" ማለት የሁሉም ቀልድ ሆነ። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ቆይተው ስልኩን ከቦርሳ ማውጣት ተዉ። እኔ ስምንት ወር ዝም አልኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በቲጂ ልጅ ልደት ላይ ባዶ እጃቸውን ጥግ ተቀምጠው አየኋቸው። ኬኩ ሊቆረጥ ሲል አውራ ጣታቸው ቀሚሳቸውን እንደ መቅረጫ ቁልፍ ጫን አደረገ፤ ለካ ልማድ ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

ቤታቸው ሄጄ "እትዬ፣ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

ዲስኩን አምጥተው ስልካቸው ላይ ሰኩት። ገመዱ ሲነቀል ቀረጻው ተቋርጧል፤ ከምርቃቱ የተረፈው አሥራ አራት ሰከንድ ነው። አባዬ ይነሳል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ሀይሚዬ፣ አንቺ የተወለድሽ ቀን እኔ" ሲል የኔ እጅ፣ ከነሰዓቱ፣ ይመጣና ይሸፍነዋል። በቃ።

"ለምን አልተናገሩም? ስምዎ ጠፋ እኮ።"

"አባትህን ቀብረህ በተቀመጥክበት ይሄን ልጨምርልህ? እኔ ቢሳቅብኝ ምን እሆናለሁ። እኅትህን ግን በድያታለሁ፤ እሱን አላህ ይጠይቀኛል።" ቀጥለውም "ከፈለግህ እጅህ ያለበትን ቆርጬ ላውጣውና ቀሪውን ውሰድላት" አሉኝ። በሕይወታቸው አንድ ጉርሻ ከቪዲዮ ላይ አውጥተው የማያውቁ ሴት! እኚህን ሰው ነው ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሾፍባቸው የኖርኩት።

"እንዳለ ትየው" አልኩ።

አብረን ሀይሚ ቤት ሄድን። ቆማ አየችው። እጄን ስታይ ቀና ብላ ተመለከተችኝ። ጎንበስ ብላ የእትዬ መኪያን ጉልበት ሳመች። እሳቸው "ተይ፣ ተይ ልጄ" እያሉ አነሷት። ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡና እንደገና ከፈቱት። እኔ በሩ ጋ እንደቆምኩ ነበርኩ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ሀይሚዬ" አለ። እሷ ደጋግማ ከፈተችው። እጄ ሊመጣ ሲል ግን ሁልጊዜ አቆመችው።