መብረቅ የተባለውን አጥቂ ለማፍጠን የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ቁርስ እንደተነሣ
ቦታ፦ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት

የተገኙ፦
ታላቅ ወንድሜ፣ መካኒክ፦ ሰብሳቢ
ባለቤቴ፣ ፀጉር አስተካካይ፦ አባል
እናታችን፦ ድምፅ የሌላቸው ታዛቢ (ይህን አልተቀበሉም)
እኔ፣ ነርስ፦ ጸሐፊ

ሰብሳቢው ድምፅ ሰጪዎቹ ሦስቱም መገኘታቸውን፣ የጌሙ ጆይስቲክም ማንም እንዳይነካው ትራስ ሥር መደበቁን አይተው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን አበሠሩ።

አጀንዳ አንድ፦ የመብረቅ መንቀርፈፍ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ቤተሰቡ በእግር ኳስ ጌሙ ላይ በጋራ የፈጠረው አጥቂ "መብረቅ" ስሙን ሊመስል አልቻለም። እንዲፈጥን በኮኖች መሀል ኳስ እየገፋ መመላለስ አለበት። ያንኑ አንድ ልምምድ ሳምንቱን ሙሉ እየተፈራረቅን ስንደጋግም ከርመን ፍጥነቱ ከ71 ወደ 72 ከፍ ብሏል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ተከራዮች ጋር ግጥሚያ አለ፤ የተሸነፈ ቤት ዓመቱን ሙሉ የጋራውን ደረጃ ያጥባል።

አባሉ "ጋሼ፣ እኔ እኮ አብጃለሁ! ትናንት አንዱን ደንበኛ ኮን የምዞር መስሎኝ ጭንቅላቱን ዚግዛግ አድርጌ ላክሁት" ሲሉ ምሬታቸውን አሰሙ። ታዛቢዋ ሐሳብ ሊሰጡ ሲሉ ድምፅ እንደሌላቸው ተነገራቸው። "ድምፅማ አለኝ፤ ስጮህ ትሰማለህ" በማለት መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ልምምዱ በጥብቅ ፈረቃ እንዲቀጥል ተወሰነ። የመጀመሪያውን ፈረቃ የወሰደ የለም።

አጀንዳ ሁለት፦ ላስቲክ

አባሉ የጆይስቲኩ ዘንግ በላስቲክ ታስሮ መብረቅ ራሱን በራሱ እንዲያሠለጥን ሐሳብ አቀረቡ። በጭብጨባ ጸደቀ። ላስቲኩ ከጸሐፊዋ ፀጉር ላይ ያለ ፈቃዷ ተፈታ።

መብረቅም ኮኖቹን ትቶ በቀጥታ ከሜዳ ወጣ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጋር ተላትሞ እዚያው ባለበት ይሮጥ ጀመር። ታዛቢዋ "ውይ ልጄን! አዙሩታ፣ ግንባሩን ሊፈነክት ነው!" ብለው ብድግ አሉ። ስብሰባው በሳቅ ምክንያት ተቋረጠ። ሰብሳቢው ከሶፋው ወደ ምንጣፉ መውረዳቸው ይመዝገብልኝ።

ሳቁ ጋብ ሲል ስክሪኑ ላይ ውጤት ወጣ፦ "ልምምዱ አልተሳካም። ፍጥነት 71።"

የሳቀ አልነበረም።

አጀንዳ ሦስት፦ ስንብት

ሰብሳቢው ምንጣፉ ላይ እንዳሉ "በቃ፣ እንደ ሰው እንኑር" አሉ። ጸሐፊዋም "ከሆስፒታል ፈረቃ ወጥቼ ለሌላ ፈረቃ አልገባም። ደረጃውን እንጠበው፤ ደረጃ እንኳ ሲያጥቡት ይጸዳል" ስትል ደገፈች። ፈረቃው እንዲቀር፣ ላስቲኩ እንዲመለስ፣ መብረቅም እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ታዛቢዋ "ልጁ ምን አጠፋ?" ብለው ተቃወሙ።

ሰብሳቢው ፊታቸውን አዙረው "ሰርዝ" የሚለውን ሊጫኑ ሲሉ ጌሙ ደወል አሰማ፦ "ዛሬ ብቻ! የልምምድ ነጥብ እጥፍ!"

የሰብሳቢው ጣት አዝራሩ ላይ ሳያርፍ ቆመ። ቀጥሎ አባሉ "እጥፍ አለ?" ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ።

በመሆኑም በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ የተሻረውም ጭምር፣ ተሽሯል። ለዚህ ድጋፍ እጅ እንዲወጣ ቢጠየቅም እጆች ሁሉ ጆይስቲኩ ላይ ስለነበሩ መቁጠር አልተቻለም።

ስብሰባው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ በግፊያ ተበተነ። ጸሐፊዋ ፊርማዋን ያላኖረችው ተራዋ ስለደረሰ ነው።